የምሳ ሰዓት ቁልፍ

«በእሷ ስም ይሁን። እሷ ልጅ የላትም» ሲል ወንድሟን የሰማችው ጠዋት፣ ነጠላ ጫማዋን ከአልጋው ሥር በእግሯ እየፈለገች ሳለ ነው። በሁለቱ መኝታ ቤቶች መካከል ያለው ግድግዳ አንድ ቅጠል ኮምፔንሳቶ ስለሆነ በዚያ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ከወዲያ ማዶ «ይማርህ» ይለዋል። የወንድሟ ሚስት «ቀስ በል፣ ትሰማሃለች» ስትል ደግሞ ተሰማ። እትዬ አንድ እግሯን ጫማው ውስጥ ከትታ፣ ሌላውን ባዶ ሲሚንቶ ላይ እንዳኖረች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ብሎ የሚጠራት ወንድሟ ነው፤ በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች። ከእሱ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ልጆቹ፣ ከልጆቹ አስተናጋጆቹ፣ ከአስተናጋጆቹ ደንበኛው ሁሉ ወረሰውና አሁን በገዛ ስሟ ቢጠሯት ዞር ብላ ማን እንደተጠራ የምትፈልግ ይመስለኛል።

«ልጅ የላትም» የሚለው አዲስ ወሬ አይደለም። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። ሰው ግን የሚያውቀውም ነገር ግድግዳ ተሻግሮ ሲመጣበት ያመዋል። ትንሽ ቆይታ የፊተኛውን ቃል አንስታ ስታገላብጠው ደግሞ ደስ አላት። በእሷ ስም! ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ምግብ ቤት የሒሳብ መቀበያ ኋላ ስትቀመጥ ስሟ የተጻፈበት አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልነበረችም፤ ንግድ ፈቃዱ የወንድሟ ነው፣ ቤቱ የወንድሟ ነው፣ የደጁ ሰሌዳ ላይ ተሥላ ሳህን ይዛ የምትስቀው ሴት እንኳ ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። አሁን አዲስ የሽያጭ ማሽን ሊገዛ ነው፤ ሕጉ ማሽኑ በአንድ ሰው ስም ይመዝገብ ይላል፤ ወንድሟ ደግሞ «በእሷ ይሁን» አለ። ልጅ ስለሌላት ነገ ከነገ ወዲያ ከልጆቹ ጋር «ድርሻዬን» ብሎ የሚሟገት ወራሽ አይመጣም፤ ይህን አስቦ ነው፣ የአባት ሐሳብ ነው ብላ ፈረደችለት። እትዬ ሞኝ አይደለችም። ለምትወደው ሰው ሰበብ መፈለግ ትችልበታለች እንጂ፤ እሱ ደግሞ ከሞኝነት ይብሳል።

ቁርስ ላይ ወንድሟ ከግብር መሥሪያ ቤት የመጣውን ደብዳቤ አጣጥፎ፣ ከላዩ የገንዘብ ፖስታ ጭኖ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። ቀነ ገደቡ ዛሬ ነው። ከነገ ጀምሮ አሮጌ ማሽን ይዞ የተገኘ ምግብ ቤት ይታሸጋል። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነው፦ ማሽኑ መሥሪያ ቤቱ ባጸደቀው ዝርዝር ላይ ያለ ይሁን፣ እያንዳንዱን ሽያጭ እዚያው በዚያው በኔትወርክ ይላክ፣ የአገልግሎት ክፍያውን በራሱ መስመር ያትም፣ ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት የሚሰጠው ወረቀት «ደረሰኝ አይደለም» የሚል ይኑርበት፣ የሚሠራበት ካሸር በጣት አሻራ ይመዝገብ፣ አሮጌው ማሽን ሲመለስም ሲሠራበት የኖረው ሰው ራሱ ቀርቦ ይፈርም። ሁለት ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ደብዳቤ ነው።

«አንቺው ምረጪ እትዬ» አላት። «ሥራውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ እንደሆነ ማሽን ሳይ ራሴን ያመኛል። የግዢውንም ደረሰኝ በስምሽ አስቆርጪው፣ ኋላ እንዳያስቸግርሽ።»

ሚስቱ የልጆቹን ዳቦ እየቀባች ነበር፤ ቀና አላለችም። እትዬ ፖስታውን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ «ለምሳ እደርሳለሁ» ብላ ወጣች። አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ፣ የብረቱን ዘንግ ይዛ፣ ሻጩን የምትጠይቀውን ጥያቄ በልቧ ስትደረድር ሄደች። በእነሱ ቤት ጠረጴዛ ቁጥር የለውም። «ጥግ» አለ፣ «መስኮት» አለ፣ «ደጃፍ» አለ፣ አንድ እግሩ አጥሮ የሚወዛወዘው ደግሞ «ሰካራም» ነው። አፉን ስለማይዘጋ «ሬዲዮ» የሚሉት አስተናጋጅ ከአዳራሹ መሐል «ሰካራም ይከፍላል!» ብሎ ሲጮህ እንግዳ ሰው ክው ይላል፤ እሷ ግን ሰካራም ላይ የተቀመጡት ምን እንደበሉ፣ ማን ሾርባውን እንደመለሰ፣ ማን ተጨማሪ ዳቦ እንደወሰደ በቃሏ ትቆጥረዋለች። ስለዚህ ማሽኑ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ስም የሚቀበል መሆን አለበት። ሕጉ የሚለውን ሕጉ ይበል፣ ሬዲዮን በዚህ ዕድሜው «ጠረጴዛ ዐሥራ አንድ» ማስባል አይቻልም።

ማሽን መሸጫው ሊፍቱ የቆመ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሉ አዲስ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል። ሻጩ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ነው፤ «ይግቡ እናቴ፣ አረፍ ይበሉ፣ ደረጃው ገድሎዎታል» ብሎ ወንበር ሳበላት። ዛሬ የመጨረሻው ቀን በመሆኑ ከጠዋት ጀምሮ ምግብ ቤት ያለው ሁሉ እየተንጋጋ እንደመጣና ያገኘውን እየታቀፈ እንደሄደ ነገራት። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ማሽን ቀርቷል። የመጀመሪያው ቴሌቪዥን የሚያህል መስታወት አለው፤ ሠላሳ ስምንት ሺህ። እትዬ ደብዳቤውን ዘርግታ «‹ደረሰኝ አይደለም› የሚለውን ያትማል?» ብላ ስትጠይቀው ሰውየው ራሱን አከከ፤ ለሱቅ ነው እንጂ ለምግብ ቤት አልጸደቀም። ሁለተኛው ዐሥራ አንድ ሺህ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ያምራል፣ ባትሪ የለውም፣ ዝርዝሩም ላይ የለም። «በቅርቡ ይገባል» አላት። «ሲገባ እመጣለሁ» አለችው። ሦስተኛው ግራጫ ነው፤ ቁልፎቹ የጣት ያህል ሰፋ ሰፋ ያሉ፣ ሃያ አራት ሺህ ከአምስት መቶ። ሰውየው አቧራውን በእጅጌው ጠረገላት።

«አራት ሰው መስኮት ጋ ተቀምጦ አዘዘ እንበል። ፀሐይ መታውና ወደ ጥግ ሄደ። ማሽኑ ያውቃል?»

«ይቺን ይጫኑና ያዛውሩታል።»

«መብራት ቢሄድ?»

«ስድስት ሰዓት ይቆይልዎታል። የበላውም ሰው ሒሳብ አይጠፋም።»

«ሦስት ሰው በልቶ፣ ሦስቱም ‹እኔ ልክፈል› ብሎ ቢጣላ?»

«እሱን እንኳ ፖሊስ ነው የሚያየው እናቴ» አለና ሁለቱም ሳቁ። ከጠዋት ጀምሮ የሳቀችው ያኔ ነው። በዕድሜዋ ሰው ፊት ተቀምጣ «ይህን እፈልጋለሁ፣ ያንን አልፈልግም» ያለችበት ቀን ብዙ አልነበረም፤ ደስ አላት፣ መደሰቷንም አልደበቀችም። ግራጫውን መረጠች። ሰውየው «እስቲ እንሞክረው» ብሎ ገመዱን ሰካ። «አሁን ለሙከራ ስለሆነ ልምምድ ላይ አስገባዋለሁ» አለ፤ ከጎን ያለችውን ቁልፍ ተጫነ። «አዲስ ካሸር የሚማርበት ነው። ይደምራል፣ ያትማል፣ ሁሉን ነገር ያደርጋል፤ ውስጡ ግን ምንም አይቀርም፣ ለመሥሪያ ቤቱም አይላክም። የተጫወቱ ያህል ነው።» ማሽኑ ቶሎ ብሎ፣ ምንም ሳያጉረመርም ወረቀቱን ተፋው። የቤት ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ዋጋ፣ ግብር ሁሉም አለበት። ከታች ግን ሦስት ትንንሽ ኮከብ ተደርድሯል።

እትዬ ኮከቦቹን ታውቃቸዋለች። አራት ዓመት ሙሉ በየምሳው ለደንበኛ ስትቆርጠው የኖረችው ወረቀት ግርጌ ላይ አሉ። አንድ ቀን ወንድሟ ከኋላዋ መጥቶ «ምሳ ሰዓት ሰው ሲበዛብሽ ይቺን ተጫኚ፣ ፈጠን ትላለች» ብሎ ቁልፏን አሳያት፤ እውነትም ፈጠን ትላለች። «የምሳ ሰዓት ቁልፍ» ብለው ስም አወጡላት። ስለ ኮከቦቹ ስትጠይቀው «ማሳመሪያ ነው» ብሏታል። አሮጌው ማሽን ላይም ይህ ቁልፍ ይኖር እንደሆነ ሻጩን ጠየቀችው። ሁሉም ላይ አለ አላት፤ ደግሞ ድምፁን ቀነስ አድርጎ እንዲህ አለ፦ «ግን ይጠንቀቁ። በእሷ ለደንበኛ ወረቀት የሚቆርጡ አሉ። ባለፈው ወር አንዲት ካሸር ሁለት ዓመት ተፈረደባት። እዚች ታች ነው ቤቱ።»

«ባለቤቱስ?»

«ባለቤቱማ ‹ማሽን አላውቅም› አለ። የሚጠየቀው ስሙ ማሽኑ ላይ ያለው፣ አሮጌውም ሲመለስ የሚፈርመው ሰው ነው።»

ክው አለች። ሰውየው ውሃ ቢያመጣላት ብርጭቆውን ይዛው ቀረች እንጂ አልጠጣችም። የጠዋቱ ነገር አሁን ገባት። ስለ ውርስ አልነበረም የሚያወሩት። ልጅ የላትም ማለት፣ ብትታሰር «እማዬ የት ሄደች» ብሎ የሚያለቅስባት የለም ማለት ነው። ባልና ሚስት ተኝተው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ከቤቱ ሰው ማን ቢጎድል እንደማይጎዳቸው ተመካክረው፣ እሷን አገኙ። ሻጩ «ደረሰኙን በማን ስም ላድርገው?» ሲላት ግን ስሟን ነገረችው። ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝ። ያለ ማሽኑ ነገ ቤቱ ይታሸጋል፣ ዐሥራ አራት ሰው እንጀራውን ያጣል፤ ይህን ያሰበች ይመስለኛል። ምናልባት ደግሞ ምንም አላሰበችም፤ የለመደ እጅ ነው፣ የላኩትን ይዞ ይመለሳል።

ምግብ ቤቱ ስትደርስ ምሳ ሰዓት ገብቷል። ካርቶኑን ከወንበሯ ሥር አስገብታ አሮጌው ማሽን ፊት ተቀመጠች። አዳራሹ ሞልቷል፤ ሹካና ማንኪያው ይንኳኳል፣ ከማብሰያው የሽንኩርት ጢስ በመስኮቱ ይወጣል፣ ሬዲዮ «ደጃፍ ይከፍላል!» ይላል። እጇ ወደ ምሳ ሰዓት ቁልፍ ሄደ፤ መለሰችው። ጠዋትና ማታ በምትሠራበት በመደበኛው፣ በመዝጋቢው ቁልፍ መታች። ማሽኑ አቃሰተ፣ ቆም አለ፣ ጻፈ። እያንዳንዱን ሒሳብ እንዲሁ። ወዲያው ሰው መሰለፍ ጀመረ፤ አምስት ሆኑ፣ ዘጠኝ ሆኑ፣ አንዱ ሰዓቱን እያየ ምላሱን ጠጠጠ አደረገ። ሬዲዮ እንኳ ዝም አለ። ወንድሟ ከደጃፍ ሆኖ እንግዳ ሲሸኝ ሰልፉን አየ፣ የማሽኑን ድምፅ ሰማ። ድምፁን ለየው፤ ማሽን ሲያይ ራሱን የሚያመው ሰው ከዚያ ርቀት ለየው። መጥቶ ከጎኗ ቆመ።

«እትዬ፣ ሰው ቆሟል።»

«ይቁም።»

«ቁልፏን ተጫኛ።»

«የቷን?»

ተመልሶ ሄደና ለተሰለፈው ሰው ጥርሱን እያሳየ ይቅርታ ጠየቀ፣ ለአንዱ ከረሜላ ሰጠ፤ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ሚስቱ ጨርቅ ይዛ ብቅ አለች፤ ንጹሑን ጠረጴዛ ሦስት ጊዜ ወለወለችና ተመልሳ ገባች። እስከ ስምንት ሰዓት እትዬ ስልሳ ሦስት ደረሰኝ ቆረጠች፤ አንዱም ላይ ኮከብ የለም። ምን ለማድረግ እንዳሰበች ብትጠይቋት አትመልስላችሁም። ማወቋን እንዲያውቅ ፈልጋ ነው፤ በሌላ መንገድ መናገሩን አላወቀችበትም።

ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ በእሱ መኪና ሄዱ። አዲሱ ማሽን ከነካርቶኑ ኋላ ወንበር ላይ ነው፣ አሮጌው ጭኗ ላይ። ከጎን ሆና አየችው፤ ጆሮው ጋ ሽበት ጀምሯል። እናታቸው ስትሞት ይህ ሰውዬ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበር፣ በጀርባዋ ነው ያደገው። ሦስቱ ልጆቹም በተራ በእሷ አልጋ ላይ ነው የተኙት፤ ትንሿ እስካሁን እግሯን ሆዷ ላይ ካልጫነች አይወስዳትም። እሱ ቢታሰር እነሱ ናቸው የሚበተኑት። የትራፊክ መብራቱ ጋ ቆመው ሳለ ወሰነች፦ ቁልፉን ማን አሳየሽ ካሏት «ማንም» ትላለች። ራሴ ነካክቼ አገኘሁት ትላለች። ትሸከመዋለች፤ ብዙ ተሸክማለች። አንድ ነገር ብቻ ከእሱ ፈለገች። አፉን ከፍቶ «እትዬ፣ እንዲህ አድርጌሻለሁ» እንዲላት። መንገዱ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሃያውንም ደቂቃ ጠበቀችው። ሊደርሱ ሲሉ «ሙቀቱ ከብዷል» አለና መስኮቱን ከፈተ።

ሰባተኛው መስኮት ያለችው ሠራተኛ ጉንፋን ይዟታል፤ በአንድ እጇ መሐረብ፣ በአንድ እጇ ማኅተም ይዛ ወረቀቶቹን ተቀበለች። ወንድሟ ቅጹን ቤት ሞልቶት ነው የመጣው። እትዬ በመስታወቱ ሥር አየችው። በእሷ ስም ትይዩ «ቅጥር ሠራተኛ» ይላል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ከወንድሜ ደመወዝ አልቀበልም» ብላ ደመወዝ የሚባል ሳታውቅ የኖረች ሴት በመጨረሻ ተቀጠረች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ «ቅጥር» የሚለውን የሚያነብ ሰው ሌላውን ሁሉ አይጠይቅም። ሠራተኛዋ አሮጌውን ማሽን በገመድ ከኮምፒውተሯ አገናኘችው፣ ቁጥሮቹን ወደ ታች አየች፣ ወደ ላይ ተመለሰች፣ ግንባሯን ቋጠረች።

«አራት ዓመት ሙሉ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባዶ ነው» አለች። «ዛሬ ብቻ ስልሳ ሦስት ሰው በልቷል። ሌላውን ቀን ምሳ አትሸጡም ነበር?»

እሷው ናት ያጋለጠችው። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ማሽኗ ለወንድሟ የላከችው የዝምታ መልእክት ለካ ሌላም ሰው የሚያነበው ኖሯል። ዛሬም እንደ ወትሮው ቁልፏን ተጭና ቢሆን ኖሮ ይቺ ጉንፋን የያዛት ሴት ምሳ የማይሸጥ ቤት ነው ብላ ታልፈው ነበር ይሆናል።

«ልምምድ ላይ አስገብተው ነው የሚሠሩት» አለች ሠራተኛዋ፤ አሁን ድምጿ ተለውጧል። «ይህን ቁልፍ ማን አሳየዎት?»

እትዬ አፏን ከፈተች። «ማንም» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ በመኪናው ውስጥ ለእሱ ያዘጋጀችው ስጦታ ነው። ወንድሟ ቀደማት።

«እሷ ብቻ ናት የምትነካው» አለ። «እኔ ማሽን አላውቅም። አዲሱንም ራሷ ናት ሄዳ የመረጠችው፤ ይኸው ደረሰኙ፣ በስሟ ነው። ይዩት።» ደረሰኙን በመስታወቱ ሥር አሳለፈ። ሠራተኛዋ ወደ እትዬ ዞራ «እውነት ነው?» አለቻት። እትዬ ወንድሟን አየችው፤ እሱ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን የሥራ ሰዓት ያነባል። ሳትሰጠው ወሰደው። የምትሰጠውን ነገር፣ አንዲት ትንፋሽ እንኳ ሳይታገስ፣ ከእጇ ነጠቃት። ከዚህ በኋላ እውነቱን ብትናገር ማንም አይፈርድባትም ነበር። የትንሿ ልጅ እግር ትዝ አላት።

«እውነት ነው» አለች።

ሠራተኛዋ ጻፈች፣ አተመች፣ ጉዳዩ ወደ መርማሪ እንደሚሄድና በሳምንት ውስጥ እንደምትጠራ ነገረቻት፤ ለአሮጌው መፈረሚያ፣ ለአዲሱም መመዝገቢያ አንድ አሻራ እንደሚበቃ ነግራ የአሻራ ማንሻውን ትንሽ መስታወት ወደ እሷ ገፋችው። ቀይ መብራት በርቷል። እትዬ ጠቋሚ ጣቷን አኖረች፤ ቀይ። አውራ ጣቷን፤ ቀይ። የግራ እጇን አምስቱንም ሞከረች። ሠራተኛዋ በመስኮቱ አጮልቃ እጇን አየችና «ጣትዎ ልሙጥ ሆኗል፣ መስመር የለውም። ምንድን ነው የሚሠሩት?» አለቻት። ሒሳቡ ሲዘጋ ዕቃ እንደምታጥብ፣ በበረኪና እንደሆነ ነገረቻት። ሠራተኛዋ ተናፍጣ መሐረቧን አጣጠፈች። «እንግዲህ እምቢ ካለ የፈቃዱ ባለቤት አሻራ ይበቃል። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ያው ኃላፊነቱ ወደ እሳቸው ይዞራል። አጠገብዎ አይደሉ?»

ወንድሟ የራሱን እጅ አየው። ለስላሳ እጅ ነው፣ አንድ ጊዜ ቢያኖረው ይበቃል። ከኋላቸው የተሰለፉት ሰዎች ማሽኖቻቸውን ታቅፈው ይጠብቃሉ። እትዬ አላየችውም፤ ብታየው የምትለምነው ይመስለው ይሆናል ብላ ፈራች። ወንድሟ የተቀመጠበት ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማች። ተነሣ፣ ከኪሱ መሐረብ አወጣ፣ ጠቋሚ ጣቷን ይዞ ቀስ አድርጎ ጠረገላት፣ ወደ አፉ አስጠግቶ እፍ፣ እፍ አለባት። እጁ ሞቃት ነበር። ከልጅነቱ ወዲህ እጇን ይዟት አያውቅም። ጣቷን መስታወቱ ላይ አስተካክሎ አኖረና ከላይ ተጫነው።

«ያመኛል» አለችው።

«ትንሽ ነው እትዬ፣ ቻይው» አለና መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ክብደቱን ሁሉ ጣቷ ላይ ጣለ።